የነዳያን አባት ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅን ስም የማያውቅ ኦርቶዶክሳዊ ክርስቲያን ጥቂት ነው። ከዐሥራ አራቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ ይጠራል፤ የቅዱስ ጳውሎስን የዕብራውያን መልእክት የተረጐመበት ድርሳኑም በሀገራችን ሊቃውንት ዘንድ ሲነበብና ሲተረጐም ኖሯል። አፈወርቅ የተባለው ከአንደበቱ ስለሚወጣው ትምህርት ጣዕም እንደ ሆነም ብዙዎች ያውቃሉ። ነገር ግን ያ የወርቅ አንደበት ዘመኑን ሁሉ ሳይሰለች ስለ እነማን ይናገር እንደ ነበረ የሚያስተውል ብዙ አይደለም። በገበያ መካከልና በቤተ ክርስቲያን ደጅ ወድቀው ስለ ነበሩት ነዳያን ይናገር ነበር። ከመንበሩ ለመሰደዱም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ ይህን የሕይወቱን ክፍል እናስባለን። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ልደቱና አስተዳደጉ

ቅዱስ ዮሐንስ የተወለደው በ340ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ገደማ፥ በሶርያ በአንጾኪያ ከተማ ነው። አንጾኪያ በሮማውያን ግዛት ከነበሩት ታላላቅ ከተሞች አንዷ ስትሆን፥ ደቀ መዛሙርት ለመጀመሪያ ጊዜ ክርስቲያን የተባሉባት ናት። የግብረ ሐዋርያት መጽሐፍ እንደሚነግረን፥ በዚያችው ከተማ የነበሩ ምእመናን በረኀብ ዘመን በይሁዳ ለሚኖሩ ወንድሞች እርዳታ አዋጥተው በበርናባስና በሳውል እጅ ልከዋል። ስለዚህ በአንጾኪያ ክርስቲያን መባልና ለተቸገረ መድረስ ከመጀመሪያው አብረው የነበሩ ናቸው።

የዮሐንስ አባት ሴኩንዱስ በሶርያ የጦር አዛዥ ጽሕፈት ቤት የሚያገለግል ሹም ነበር፤ ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ዐረፈ። እናቱ አንቱሳ በሃያ ዓመቷ ገደማ መበለት ሆነች። ወጣትም ባለ ሀብትም ነበረችና የሚያጫት አታጣም ነበር፤ እርሷ ግን ዳግመኛ ሳታገባ ልጇን በሃይማኖት አሳደገች። በዚያ ዘመን ባል የሞተባት ሴት ንብረቷን ከዘመድም ከግብር ሰብሳቢም ለመጠበቅ ምን ያህል ትደክም እንደ ነበረ ልጇ በኋላ ስለ ክህነት በደረሰው መጽሐፉ ተርኮታል። ስለዚህ በዐውደ ምሕረት ቆሞ ስለ መበለቶች ሲያስተምር፥ በመጻሕፍት ካነበበው ጋር በእናቱ ቤት ያየውንም ይዞ ነበር።

በወጣትነቱ የንግግርን ጥበብ በዘመኑ ስመ ጥር ከነበረው ከአረማዊው መምህር ከሊባንዮስ እንደ ተማረ ይነገራል። ያ ትምህርት ለሚያበረታ ሰው ወደ ፍርድ አደባባይና ወደ ቤተ መንግሥት የሚያስገባ ነበር። ዮሐንስ ግን ያን መንገድ ትቶ የአንጾኪያው ጳጳስ መላጥዮስ ዘንድ ቀረበ፤ ሃያ ዓመት ሲሆነው ገደማ ተጠመቀ፤ ቀጥሎም አናጕንስጢስ ሆኖ ተሾመ። ወደ ገዳም ለመሄድ ቢመኝም እናቱ ዳግመኛ መበለት እንዳያደርጋት አልቅሳ ስለ ለመነችው ለጊዜው ቆየ። በኋላ ግን ወደ አንጾኪያ ተራሮች ወጥቶ አራት ዓመት በአንድ ሶርያዊ አረጋዊ መነኩሴ እግር ሥር፥ ሁለት ዓመት ደግሞ በዋሻ ብቻውን ኖረ። በዚያ መጻሕፍትን በቃሉ አጠና፤ እንቅልፍንም ከዓይኑ አራቀ። በብርዱና በጦሙ ብዛት ሆዱና ኵላሊቱ ስለ ታመሙ ወደ ከተማ ለመመለስ ተገደደ። ሕመሙ እስከ ዕለተ ሞቱ አልለቀቀውም። በዋሻው ሳለ የለመደውን ጥቂት መብላትና በትንሽ መርካት ግን ወደ ከተማው ይዞት ወረደ፤ ከራሱ ማዕድ የተረፈውም ለሌላው ይሆን ጀመር።

በአንጾኪያ ጎዳናዎች

በ381 ዓ.ም. መላጥዮስ ዲቁና ሾመው። በዚያ ዘመን የዲያቆን ሥራ በመቅደስ ከማገልገል በተጨማሪ ሕሙማንን መጎብኘት፥ የመበለቶችን ቤት ማወቅ፥ የቤተ ክርስቲያንን ምጽዋት ለችግረኛው ማድረስ ነበር። ዮሐንስም በዚህ አገልግሎት ለአምስት ዓመታት ያህል የከተማዋን ጓዳና ጎድጓዳ አወቀ። በ386 ዓ.ም. ጳጳሱ ፍላቢያኖስ ቅስና ሾመው፤ ከዚያም ዐሥራ ሁለት ዓመት በአንጾኪያ አስተማረ።

ከዕለታት አንድ ቀን በክረምት ወራት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገሠግሥ፥ በገበያውና በየስርጡ መንገድ ብዙ ነዳያን ወድቀው አየ። አንዳንዶቹ እጃቸው የተቈረጠ፥ አንዳንዶቹ ዓይናቸው የጠፋ፥ ሌሎቹም ቍስል ያለበሳቸው ነበሩ። በዐውደ ምሕረት ሲቆምም ራሱን የእነርሱ መልእክተኛ አድርጎ ስለ እነርሱ ለመነ። በበጋ ድኻ ያለ ልብስ ቢያድር ፀሐይ ያሞቀዋል፤ ግንበኛውም ገበሬውም ባለ መርከቡም የቀን ሥራ ይሰጠዋል። በክረምት ግን ልብስ፥ ጫማና መጠለያ ያስፈልገዋል፤ የሚቀጥረውም የለም። ስለዚህ እጁን ዘርግቶ የሚቆመው ስንፍና ይዞት እንዳልሆነ፥ ሥራ ያጣው ሰው በዚያ ወራት የምእመናንን እጅ ብቻ እንደሚጠብቅ አስረዳ።

በከተማዋ ብርዱን መቋቋም ያቃታቸው ሰዎች ከመታጠቢያ ቤቶች እሳት የሚወጣውን ሙቀት ፈልገው በዚያ አጠገብ ገለባ አንጥፈው ያድሩ ነበር። ሲለምኑ የሚሰማቸው ያጡ ደግሞ አላፊ አግዳሚውን ለማሳቅ ያረጀ የጫማ ቆዳ ያኝኩ ነበር፤ በራሳቸው ላይ ምስማር የሚተክሉ፥ በበረደ ውኃ ውስጥ ራቁታቸውን የሚቆሙም ነበሩ። ተመልካቹም ይህን እያየ ይስቃል፥ ገንዘብም ይሰጣል። ቅዱስ ዮሐንስ ይህን ሲያነሣ የወቀሰው ለማኞቹን አልነበረም፤ በጨዋነት ሲለመን እያለፈ፥ ሰው ራሱን ሲያሠቃይ ሲያይ ግን ኪሱን የሚከፍተውን ሕዝብ ነበር።

የአንጾኪያ ቤተ ክርስቲያን በመዝገብ የያዘቻቸውን ሦስት ሺህ ያህል መበለቶችና ደናግል በየቀኑ ትመግብ ነበር። ከእነርሱ ሌላ እስረኞችን፥ በየመጠለያው የተኙ ሕሙማንን፥ እንግዶችንና አካለ ስንኩላንን ትረዳለች። ገቢዋ ግን ከአንድ መካከለኛ ባለጠጋ ገቢ የሚበልጥ እንዳልነበረ ቅዱሱ ለሕዝቡ በግልጥ ይነግር ነበር። የከተማውንም ሰው በግምት ከፍሎ ዐሥረኛው እጅ ባለጠጋ፥ ዐሥረኛው እጅ ፍጹም ድኻ፥ የቀረው መካከለኛ እንደ ሆነ አሳያቸው። ያለው ሁሉ ቢተባበር ለኀምሳ ወይም ለመቶ ሰው የሚደርሰው አንድ ድኻ እንኳ በጭንቅ እንደ ሆነ አስልቶ ነገራቸው። በዚህም ምጽዋት የባለጠጎች ብቻ ፈንታ እንዳልሆነ እያንዳንዱ ሰው እንዲረዳ አደረገ።

ለባለ እጅ ሠራተኛውና ለቸርቻሪውም የሚሆን ሥርዓት ሰጣቸው። እያንዳንዱ በቤቱ በሚጸልይበት ስፍራ ትንሽ ሣጥን እንዲያኖር፥ ለጸሎት ሲቆም አስቀድሞ ጥቂት ገንዘብ እንዲጥልባት፥ ከሚያገኘውም ከዐሥር አንድ እንዳያሳንስ መከራቸው። እንዲህ ሲሆን ሰው ድኻ ሲመጣበት ኪሱን መዳበስ አይኖርበትም፤ የነዳያን ፈንታ ቀድሞ ተለይቶ ይቆየዋልና።

ሰዎች ለማኙ ጤነኛ ነው፥ አታላይ ነው፥ ከየት እንደ መጣ አይታወቅም እያሉ ሲያመካኙም ሰምቷል። የዕብራውያንን መልእክት በተረጐመበት ድርሳኑ ሳይቀር፥ ቍራሽ እንጀራ ለሚለምን ሰው ዳኛ ሆኖ መመርመር እንደማይገባ አስተምሯል። አብርሃም በድንኳኑ ደጃፍ መንገደኞችን እየመረመረ ቢቀበል ኖሮ መላእክትን ባላስተናገደም ነበርና።

የትምህርቱ ሁሉ መሠረት ግን ስለ ሁለቱ መሠዊያዎች ያስተማረው ነው። አንደኛው በመቅደስ ያለው መሠዊያ ነው፤ ይህ የጌታ ቅዱስ ሥጋ ስለሚሠዋበት ክቡር ነው፤ ቅዱስ ዮሐንስም በፍርሃትና በመንቀጥቀጥ ያገለግለው ነበር። ሁለተኛው መሠዊያ ድኻው ነው። ድኻው የክርስቶስ የአካሉ ሕዋስ ነውና ምጽዋት በእርሱ እጅ ሲቀመጥ መሥዋዕት ሆኖ ያርጋል። በመጀመሪያው መሠዊያ የሚቆመው ካህን ብቻ ነው፤ በሁለተኛው ግን ወንድም ሴትም፥ ባሪያም ጨዋም ሊሠዉ ይችላሉ። ይህ መሠዊያ በየገበያውና በየመንገዱ ዳር ይገኛል፤ በማንኛውም ሰዓት ሊቀርቡበት ይቻላል። በመቅደስ ያለውን አክብሮ በመንገድ የወደቀውን የሚረግጥ ሰው ግን ያከበረውን መልሶ እንዳዋረደ ይቈጠርበታል።

ነዳያን በቤተ ክርስቲያንና በሰማዕታት መቃብር ደጅ መቀመጣቸውንም በዚሁ መንገድ ተረጐመው። በዚያ ዘመን በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ምእመናን ለጸሎት ከመግባታቸው በፊት እጃቸውን የሚታጠቡበት ምንጭ ነበረ። ነዳያኑም ነፍስ በምጽዋት ታጥባ እንድትገባ አባቶች በደጅ ያኖሯቸው ሁለተኛ ምንጭ እንደ ሆኑ አስተማረ።

በቁስጥንጥንያ መንበር

በ397 ዓ.ም. የቁስጥንጥንያው ሊቀ ጳጳሳት ንክታርዮስ ዐረፈ። በንጉሥ አርቃዴዎስ ቤተ መንግሥት ባለ ሥልጣን የነበረው ኤውትሮጵዮስም ዮሐንስ እንዲሾም ፈለገ። የአንጾኪያ ሕዝብ አባቱን እንደማይለቅ ስለ ታወቀ፥ አገረ ገዢው ዮሐንስን ከከተማው በር ውጭ ወደ ሰማዕታት መታሰቢያ በምክንያት አስጠርቶ በሠረገላ አሳፍሮ ሰደደው። በ398 ዓ.ም. መጀመሪያ በቁስጥንጥንያ መንበር ተቀመጠ።

ከተሾመ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑን መጋቢ የሒሳብ መዝገብ አስመጥቶ መረመረ። የማይጠቅመውንም ወጪ አስቆመ። ለሊቀ ጳጳሳቱ ቤትና ማዕድ ይወጣ የነበረው ገንዘብ ብዙ መሆኑን ባየ ጊዜ፥ ትርፉ ወደ ሕሙማን መጠለያ እንዲዛወር አዘዘ። ችግረኛው እየበዛ ሲሄድም ሌሎች መጠለያዎችን አሠርቶ ሁለት ቀሳውስትን በኀላፊነት ሾመባቸው፤ ሐኪሞችን፥ ወጥ ሠሪዎችንና አስታማሚዎችን መደበላቸው። ዘመድ በሌለበት ሀገር የታመመ መንገደኛ በዚያ ይታከም ነበር። ለለምጽ ሕሙማንም ከከተማው ውጭ ቤት ማሠራት ሲጀምር በአካባቢው ርስት ያላቸው ባለጠጎች ተቃወሙት።

እርሱ ራሱ ብቻውን ጥቂት ይመገብ ነበር። ታላላቅ ሰዎችን በግብር አይጠራም፥ በግብራቸውም አይገኝም። ይህን ያደረገው ሆዱ ታማሚ ስለ ነበረ፥ የቤተ ክርስቲያንም ገንዘብ በግብዣ እንዳያልቅ ብሎ ነው፤ መኳንንቱ ግን ንቀት አድርገው ቈጠሩበት።

በዚህ አገልግሎት ብርቱ ረዳቱ ዲያቆናዊቷ ኦሊምፒያስ ነበረች። ከታላላቅ ቤተ ሰብ የተወለደች፥ በወጣትነቷ ባሏ የሞተባት፥ እጅግ ባለጠጋ ሴት ስትሆን ሀብቷን ለእግዚአብሔር ሥራ ሰጥታ ነበር። ሆኖም ለሚለምናት ሁሉ፥ ለማያስፈልገው ሰው ጭምር ትሰጥ ስለ ነበረ፥ ቅዱሱ ሀብቷ የድኾች አደራ መሆኑን አስረድቶ በእውነት ለተቸገረው በማስተዋል እንድትሰጥ መከራት። ቍራሽ የሚለምነውን አትመርምሩ ያለው አባት፥ በእጃቸው ብዙ አደራ ላለባቸው ደግሞ ማስተዋልን አዘዘ።

የከተማውን ምእመናንም እያንዳንዱ በቤቱ ለእንግዳ የተለየች ክፍል እንዲያዘጋጅ፥ ያችንም የክርስቶስ ክፍል አድርጎ እንዲያያት አስተማራቸው። ቤተ ክርስቲያን ድኾችን ትረዳለችና እኛ ነፃ ነን የሚሉትን ወቅሷል፤ ካህኑ ስለ ጸለየ ምእመኑ መጸለይ እንደማይቀርበት ሁሉ፥ ቤተ ክርስቲያን ስለ ሰጠች የምእመኑ ምጽዋት አይቀርምና። በከተማው በእንግድነት ለሚኖሩት ጎቶች ለተባሉት ሕዝቦችም በቋንቋቸው የሚያነቡና የሚያስተምሩ አገልጋዮችን ሾሞ ቤተ ክርስቲያን ሰጣቸው፤ እርሱም በአስተርጓሚ ያስተምራቸው ነበር።

ያስሾመው ኤውትሮጵዮስ በ399 ዓ.ም. ከሥልጣኑ ሲወድቅ፥ ሊገድሉት ከሚፈልጉት ሸሽቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ የመሠዊያውን ዓምድ ያዘ። ይህ ሰው በሥልጣን ዘመኑ በቤተ ክርስቲያን የመማጠንን መብት ሊያስቀር ሕግ ያስወጣ ነበር። ቅዱስ ዮሐንስ ግን ወታደሮቹን ከልክሎ አስጠለለው፤ ሕዝቡም እንዲራራለት ለመነ።

ስደቱና ዕረፍቱ

ገንዘቡ የቀረባቸው፥ ትምህርቱ ያቈሰላቸው፥ ሥርዓቱ የከበዳቸው ሰዎች በአንድነት ተነሡበት። ንግሥት አውዶክስያም ስለ ቅንጦትና ስለ ግፍ የሚናገረውን በእኔ ላይ ነው ብላ ተቈጣች። በዚያው ሰሞን በግብፅ ከተነሣው ክርክር ሸሽተው የመጡ ኀምሳ ያህል መነኮሳትን ማረፊያ ሰጣቸው፤ ጉዳያቸው እስኪታይ ግን ቅዱስ ቍርባን አላቀበላቸውም። ከዚህ የተነሣ ከእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ከቴዎፍሎስ ጋር ተጋጨ። ይህን የምንናገረው አባቶችን በአባቶች ላይ ለማስነሣት አይደለም፤ እንግዳ መቀበል ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ለማሳየት ነው።

በ403 ዓ.ም. በኬልቄዶን አጠገብ በቴዎፍሎስ መሪነት የተሰበሰቡት ጳጳሳት ብዙ ክስ አቀረቡበት። ከክሶቹም መካከል የቤተ ክርስቲያን ንዋያትን ሸጠ፥ ለሕንፃ የተዘጋጀውን እብነ በረድ ሸጠ፥ ብቻውን ይመገባል የሚሉ ነበሩ። ከመንበሩ አውርደው አሰደዱት፤ ነገር ግን ሕዝቡ ስለ ታወከና በቤተ መንግሥቱም ድንጋጤ ስለ ወደቀ ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ። በ404 ዓ.ም. ግን ለሁለተኛ ጊዜ ተሰደደ፤ ከሁለት ወር በላይ ተጉዞ በአርመንያ ወደምትገኝ ኩኩሶስ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ደረሰ።

በዚያ መንበር የለውም፥ መጋቢም ሐኪምም የለውም፤ ብርዱና በሽታው ግን ጸኑበት። በዙሪያው ኢሳውርያን የሚባሉ ወንበዴዎች ሰው ይማርኩ ነበር፤ በሀገሩም ችጋር ነበረ። ኦሊምፒያስና ሌሎች ወዳጆቹ ለእርሱ የሚሆን ገንዘብ ሲልኩለት፥ ቅዱሱ በገንዘቡ ምርኮኞችን እየተቤዠ ወደ ዘመዶቻቸው ሰደዳቸው፤ የተራቡትንም አበላ። በከተማ ለሌሎች ሥርዓት አድርጎ የሰጠውን፥ በስደት ራሱ ስደተኛ ሆኖ ፈጸመው።

በ407 ዓ.ም. በጥቍር ባሕር ዳር ወዳለ ሩቅ ስፍራ እንዲወሰድ ታዘዘ። ወታደሮቹ በፀሐይና በዝናብ ያለ ዕረፍት ሦስት ወር ያህል አስኬዱት። ኮማና በምትባል ስፍራ፥ በሰማዕቱ በባሲሊስቆስ መታሰቢያ ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ጕልበቱ አለቀ። ያን ጊዜ ነጭ ልብስ አስመጥቶ ለበሰ፤ አውልቆ የተወውንም ልብስ እስከ ጫማው ድረስ በዚያ ለነበሩት አከፋፈለ። ቅዱስ ቍርባን ተቀብሎ፥ ስለ ሁሉ ነገር እግዚአብሔርን አመስግኖ መስከረም 14 ቀን ዐረፈ። በ438 ዓ.ም. ዐፅሙ በክብር ወደ ቁስጥንጥንያ ተመለሰ፤ የአርቃዴዎስና የአውዶክስያ ልጅ ንጉሥ ቴዎዶስዮስም በፊቱ ተደፍቶ ስለ ወላጆቹ ይቅርታ ለመነ። ቤተ ክርስቲያናችንም ግንቦት 12 ቀን መታሰቢያውን ታደርጋለች።

ለእኛ ለተሳላሚዎች

እናንተ ብዙ ደክማችሁ፥ ብዙዎቻችሁም ለዓመታት ገንዘብ አጠራቅማችሁ ጎልጎታን ለመሳለም መጥታችኋል። መምጣታችሁ በረከት ነው። ከደማስቆ በር ተነሥታችሁ በገበያው መካከል ወደ ዴር ሡልጣንና ወደ ጌታችን መቃብር ስትሄዱ ግን፥ በደረጃው ጥግ እጁን የዘረጋ ሰው ታገኛላችሁ። ለሰልፉ እንቸኩላለን ብላችሁ አትለፉት፤ ቅዱስ ዮሐንስ እንዳስተማረን ከታላቁ መሠዊያ በፊት ያገኛችሁት መሠዊያ ነውና። ሃይማኖቱና ወገኑ ምንድን ነው ብላችሁም አትመርምሩት። ሻማና ዕጣን ስትገዙ ለእርሱም የሚሆን ፍራንክ በእጃችሁ ይኑር፤ ባይኖር እንኳ ሰላምታ አትንፈጉት።

በዚህች ሀገር የምትኖሩም ጠያቂ አጥቶ በሆስፒታል የተኛውን፥ ሥራ አጥቶ የቤት ኪራይ የከበደውን፥ በእርጅና ብቻውን የቀረውን ታውቃላችሁ። ቅዳሴ ስታስቀድሱ ከጎናችሁ ይቆም የነበረ ሰው ሁለት እሑድ ከቀረ በሦስተኛው ቤቱ ሂዳችሁ ጠይቁት። ወደየቤታችሁ ስትመለሱም ከኢየሩሳሌም በወሰዳችሁት መስቀልና ሥዕል አጠገብ፥ ቅዱሱ ያዘዛትን ትንሽ ሣጥን አኑሩ፤ ከጸሎት በፊት የምትጥሉባት ገንዘብ ጥቂት ብትሆንም ይበቃል።

የነዳያን አባት የቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ጸሎቱና በረከቱ ከሁላችን ጋር ይሁን። መንገዳችሁን ያቅናላችሁ፤ በሰላም ወደየቤታችሁ ያግባችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።